«ልጄን የት ላስገባት?» ላላችሁኝ ሁሉ

ጡረታ የወጣሁት እኔ እንጂ አፌ አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ኋላ «ሙሉነሽ በስተርጅናዋ ሰው አስቀየመች» የሚል ወሬ ቢመጣ እንዳልደነግጥ ነው። የሚቀየም ይቀየም! ዕድሜዬን በሙሉ ቤት ስስልና ቤት መሳል ሳስተምር ኖሬያለሁ። አሁን ደግሞ ቂርቆስ እቤቴ ድረስ ወላጅ እየመጣ፣ «እትዬ ሙሉ፣ አርክቴክቸር የት ይሻላል? ኢንቴሪየር ዲዛይንስ? ልጄን የት ላስገባት?» ይለኛል። ለአንዱ ነግሬ ሳልጨርስ ሌላው ይደውላል። በቃ፣ አንዴ ልጻፈውና ያነበበ ያንብበው ብዬ ተቀመጥኩ። መልሴ ከሥራዬ የወጣ ስለሆነ ከሥራዬ እጀምራለሁ።

አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚሁ ቂርቆስ ሱቅ የከፈተ ሰው ነበር። ልጆቹ በሙሉ ከባንኮኒው ኋላ እንዲቆሙለት ነበር ምኞቱ፤ እኔ ግን በስኳር መጠቅለያው ወረቀት ላይ ቤት እየሳልኩበት አስቸገርኩት። ቴክኒክ ትምህርት ቤት ድራፍቲንግ፣ ማለትም የፕላን አሳሳል፣ ተማርኩና ለገሃር አካባቢ አንድ የመንግሥት የግንባታ ቢሮ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ሌሎች የሳሉትን ፕላን በስስ ወረቀት ላይ በቀለም መገልበጥ ነበር። ደመወዙ የታክሲና የምሳ ነው፤ ስለሱ ሌላ የምለው የለኝም።

እዚያ ነው ጋሽ ተካን ያገኘኋቸው። ጋሽ ተካ የክፍላችን ኃላፊ ነበሩ፤ ውጭ አገር የተማሩ አርክቴክት፣ ያለ ክራቫት ከቤት የማይወጡ፣ ጫማቸውን ሳያስጠርጉ ቢሮ የማይገቡ ሰው። ቁጡ ነበሩ። እርሳሳቸውን በምላጭ ይቀርጹታል፤ እየቀረጹ ከሆነ ማንም አያናግራቸውም፤ ያን ጊዜ ነው የሚያስቡት። አንድ ቤት ከመሳላቸው በፊት ባለቤቱን «ለበዓል ጥራኝ» ይሉታል። ሄደው ሶፋ ላይ አይቀመጡም። ጥግ ይይዙና ሰው በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ አዛውንቱ የት እንደሚቀመጡ፣ ልጆቹ የት እንደሚገፉ ያያሉ። ጋባዦቹ ምግባቸውን ስላልበሉላቸው ሊቀየሟቸው ይደርሳሉ።

ከሁሉም ግን የኖራው ነገር ነው የማይረሳኝ። ፕላኑ ሲያልቅ ቦታው ድረስ ይሄዳሉ፣ ቦታው ካልተጠረገ የቢሮው ጓሮ ውስጥ፣ ገመድ ይወጥሩና ቤቱን በሙሉ መጠኑ መሬት ላይ በኖራ ያሰምሩታል። ሳሎኑ፣ ጓዳው፣ መኝታ ቤቱ፣ በሩ ሳይቀር። ከዚያ ቤተሰቡን ጠርተው «ግቡ፣ ቤታችሁ ነው» ይላሉ። መስመር የረገጠ ካለ «ግድግዳ ረገጥክ!» ብለው ይጮኹበታል። ያ ሲወለወል ያረፈደ ጫማቸው በአንድ አፍታ ነጭ ይሆናል፤ ጉዳያቸውም አልነበረ።

የመጀመሪያውን የራሴን ፕላን የሳልኩት ካዛንችስ ለሚኖር አንድ የጨርቅ ነጋዴ ነበር። ወረቀቱ ላይ እንዴት እንደሚያምር! ቀጭን ኮሪደር፣ መጨረሻው ላይ መታጠፊያ፣ ከመታጠፊያው ወዲያ መኝታ ቤቶች። ጋሽ ተካ አዩትና «ኖራ ያዢ» አሉኝ። ቦታው ላይ አሰመርን። የነጋዴው ሚስት ሞላ ያለች ሳቂታ ሴት ነበረች። «ትሪ እንደያዝሽ ሁኚና ከጓዳ ወደ ሳሎን ነይ» አሏት። እጇን ዘርግታ መጣች፣ ዞረች፣ ግድግዳ ረገጠች። «እንዴ! ይሄ ቤት እስኪሠራ እኔ መክሳት አለብኝ ማለት ነው?» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ጋሽ ተካ አልሳቁም። ወደኔ ዞሩና፣ «ሰርግ ሲሆንስ?» አሉኝ።

«ግቢው ውስጥ ድንኳን ይተከላል፣ ጋሽ ተካ።»

«እሺ፣ አባወራው ቢሞትስ?»

አባወራው እዚያው አጠገባችን ቆሟል! «ኧረ ጋሽ ተካ፣ ቤቱ እንኳ ሳይሠራ!» አለ ሰውየው።

«ትሞታለህ፣ እኔም እሞታለሁ፣ እሷም ትሞታለች። ሳጥኑ በየት ይወጣል? እሱን ነው የምጠይቃት።» የሰው ቁመት ያህል ሳንቃ አስመጡና ለአራት አሸክመውን በኔ ኮሪደር አስገቡን። መታጠፊያው ላይ ሳንቃው አልዞረም። ወደፊት ብንል ግድግዳ፣ ወደኋላ ብንል ግድግዳ። ጋሽ ተካ ያን ያማረ መስመሬን በጫማቸው አጠፉት። እቤቴ ገብቼ በንዴት አለቀስኩ። ሲነጋ ሌላ ሳልኩ፤ ያኛው ቤት ተሠራ፣ ብዙ ሰርግና ብዙ ለቅሶም አስተናገደ።

ጋሽ ተካ ካረፉ በኋላ ወደ ግል ቢሮ ሄድኩ። አለቃዬ መስተዋት የሚወድ መሐንዲስ ነበር፤ ሰው ከውጭ አይቶ «ዋው» ካለ ሥራው አለቀ ብሎ የሚያምን። ተከራክረን ተከራክረን ስንታክት ተለያየን። ከዚያ ነው ኡራኤል አካባቢ አንድ የግል ኮሌጅ ኢንቴሪየር ዲዛይን እንዳስተምር የጠራኝ። ስሙን አልጠራም። የሚያውቅ ያውቀዋል፣ የማያውቅም አይጎዳ።

መጀመሪያ ደህና ነበር። ኮሌጁ አሮጌ ቪላ ተከራይቶ ነው የጀመረው፤ ከኋላው ሰፊ ጓሮ ነበረው። ጓሮውን ለመንኩና ተሰጠኝ። ኖራ ገዛሁ፣ ገመድ ገዛሁ። ተማሪዎቼ የሳሉትን ሁሉ መሬት ላይ ያሰምራሉ፤ ጎረቤት እናቶችን ጠርተን እናስገባለን፤ «ልጄ፣ አልጋዬን የት ላድርገው?» እያሉ ያፋጥጧቸዋል። አንዱ ተማሪ መኝታ ቤቱን እጅግ አጥብቦት አንዲት እናት «ይሄ ለዶሮ ነው?» አለችው፤ ክፍሉ በሙሉ ሳምንቱን «የዶሮ አርክቴክት» እያለ ጠራው። ዛሬ ስሙ የታወቀ ባለሙያ ነው፤ ሲያገኘኝ ራሱ እያነሣ ይስቃል።

ከዚያ የኮሌጁ ባለቤት አቶ ብሩክ ባለ መስተዋት ሕንፃ ውስጥ አስገባን። የሕንፃው ጓሮ ተብዬው ፓርኪንግ ሆነ። ለወርክሾፕ፣ ማለትም ለእጅ ሥራ፣ የታሰበው ክፍል ወለሉ እንደ መስተዋት የሚያበራ እንግዳ መቀበያ ሆነ። የኔ የልኬት ትምህርት ደግሞ «ሶፍትዌር» በሚል ተተካ። በስብሰባ ተነሣሁ፣ ማመልከቻ ጻፍኩ፣ ቢሮው ድረስ ሄጄ ጮህኩ። «እትዬ ሙሉ፣ ገበያው የሚፈልገው ሬንደር ነው» ይለኛል። ሬንደር የሚሉት በኮምፒውተር የሚወጣውን የሚያብረቀርቅ ሥዕል ነው። እኔ ኮምፒውተር ጠላቴ አይደለም፤ ካምሳ ዓመቴ በኋላ ተቀምጬ ተምሬዋለሁ። ግን ኮምፒውተሩ ውስጥ የሚሞት ሰው የለም፣ ትሪ ይዞ የሚዞር ሰው የለም። ያልኩት ይህን ነበር፤ ሰሚ አጣሁ።

አሁን ወደ ናሆም ልምጣ፤ ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ናሆም ጓሮው ከጠፋ በኋላ ካስተማርኳቸው ሁሉ የተሻለ ልጅ ነበር። እጁ ወርቅ ነው። በተመረቀ በዓመቱ እዚሁ ሠፈራችን ፎቅ ላይ ያለ አንድ ቤት አሳምር ተባለ። የቤቱ አባት አባባ ግርማ የዕድሜ ልክ ጎረቤቴ ናቸው። ናሆም መግቢያው ላይ ክብ የሚዞር የእንጨት ግድግዳ ሠራ፤ መደርደሪያ ያለው፣ ውስጡ መብራት የሚበራ። ያየ ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ ያነሣል። እኔም ተጠርቼ አይቻለሁ፤ ገና በሩ ላይ ሆኜ ስፋቱን በክንዴ ለካሁ። «ናሆም፣ ይሄ መታጠፊያ ጠባብ አይደለም?» አልኩት። «ሰው ያልፋል ቲቸር» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሰው ያልፋል።

አባባ ግርማ ሲያርፉ የእድራችን ሰዎች ሳጥኑን ይዘው ወደ ፎቁ ወጡ። ባዶውን በብዙ ትግል፣ አቁመው አስገቡት። ሬሳው ገብቶ ሊወጣ ሲል ግን መታጠፊያው ላይ ቆመ። ወዲህ ቢሉ፣ ወዲያ ቢሉ አልሆነም። አንዱ «ከፍ አድርገን እናቁመው» አለ። ልጃቸው ከውስጥ ሆና «አባዬን አታቁሙት! አባዬን እንዳታቆሙት!» ብላ ጮኸች። ካህናቱ ታች ይጠብቃሉ፣ ለቀስተኛው ደረጃውን ሞልቶታል። የእድሩ ሰብሳቢ ላብ በላብ ሆኖ «መጋዝ አምጡ» አለ። ከለቅሶው መሀል የመጋዙ ድምፅ ይሰማ ነበር። ያ መብራት ያለው ግድግዳ ተቆርጦ ወለሉ ላይ ወደቀና አባባ ግርማ ወጡ።

ናሆም ደረጃው ላይ ቆሞ ነበር። ሲያየኝ መጥቶ እጄን ያዘና «ቲቸር፣ ሳጥን ያልፋል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ማን ነው? አንድ ሰው አልጠየቀኝም እኮ» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እርሳስ አልያዘም፤ ዛሬ መኪና የሚያከራይ ቢሮ ውስጥ ነው የሚሠራው።

የኔ ጥፋት ነው ብዬ ደረቴን አልደቃም። ያን ጓሮ ለመኪና የሰጠው እኔ አይደለሁም። ግን ተሸንፌያለሁ፤ ተማሪዬ ነበር፣ ሽንፈቴም እሱ ላይ ነው ያረፈው። አሁንም ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ጡረታዬ ሲደርስ ኮሌጁ በኬክና በካባ ሸኘኝ። አቶ ብሩክ ንግግር አደረገ፤ «እናታችን ናት፣ በኮንትራት እንጠራታለን» አለ። ጡረታዋን ታውቋታላችሁ፤ ኮንትራቱን አልጠላሁትም። እንዲያውም እየጠበቅኩት ነበር።

እንዲህ ሆኜ ሳለሁ ነው ሸምሱ የመጣው። ሸምሱ ድሮ ካዛንችስ መጋረጃ የሚሸጥ የስልጤ ሰው ነው፤ ሠፈሩ ለልማት ሲነሣ ሱቁን ወደኛ አዞረ። ልጁ ሐያት አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ኢንቴሪየር ዲዛይን ካልተማርኩ ብላ አስጨንቃዋለች። ይዟት መጣና ገና ሳይቀመጥ ጀመረ።

«እትዬ ሙሉ፣ እስቲ ይምከሩልኝ። አርክቴክቸር ብትል እሺ፣ ወግ አለው። ኢንቴሪየር ምንድን ነው? መጋረጃ መስቀል አይደለም እንዴ? መጋረጃማ እኔም ሱቅ ሞልቷል!»

«አባዬ፣ በቃ በናትህ!» አለች ሐያት፣ ፊቷ ቀልቶ።

«አርክቴክቱ ቤቱን ያቆመዋል» አልኩት፤ «ኢንቴሪየሩ ሰው እንዲኖርበት ያደርገዋል። ሁለቱም ሥራ ነው። የሚሻለው ልጅቷ የምትወደው ነው፤ የሚከፋው ደግሞ ሁለቱንም የማያስተምር ኮሌጅ መግባት ነው።»

ሸምሱ ያን ጊዜ ተቀመጠ። የልቡንም ነገረኝ። ታላቅየው ልጁ ጀማል አንድ ኮሌጅ ገብቶ ነበር። ለካ ኮሌጁ ለዚያ ትምህርት ፈቃድ አልነበረውም፤ ልጁ ተምሮ ጨርሶ ወረቀቱን የሚቀበለው ጠፋ። «አንዴ ተቃጥያለሁ፣ እትዬ ሙሉ። ለዚህች አንድ ዕድል ነው ያለኝ። ዘንድሮ ደህና ቦታ ከገባች ገባች፤ ያለዚያ ከኔ ጋር ሱቅ ትቀመጣለች፣ አለቀ።» ሐያት አንገቷን ደፋች። እኔም በዚያች ደቂቃ የአባቴ ባንኮኒ ፊቴ ላይ መጣብኝ። «ነገ አብረን እንዞራለን» አልኩ።

ሸምሱ መጀመሪያ የመረጠው የኔኑ ኮሌጅ ነበር። «እርስዎ ያስተማሩበት ነው፣ ደግሞ ሕንፃው!» አለ። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ! ዝም ብዬ ተከተልኩት። የምዝገባ ሰሞን ስለሆነ ነጩ ሶፋ ላይ ወላጅ ሞልቷል፤ ግድግዳው ላይ ባለው ትልቅ ስክሪን አንድ ቪላ ቤት ይሽከረከራል። ብሩክ ከቢሮው ብቅ አለ። ድሮ «አቶ ብሩክ» እለው ነበር፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ብሩክ ነው።

«ኧረ እናታችን መጡ!» ብሎ አቀፈኝና ወደ ወላጆቹ ዞረ። «እኔን አትመኑኝ፣ እሳቸውን ጠይቁ። ይሄን ኮሌጅ እንደሳቸው የሚያውቀው የለም።»

ሁሉም አዩኝ። ሐያትም አየችኝ።

«እውነቱን ነው፣ አውቀዋለሁ» አልኩ። «የተማሪዎቹን ቆሻሻ ቅርጫት አሳዩንና እነግራችኋለሁ።»

መዝጋቢዋ ልጅ «ምን አሉ እትዬ?» አለችኝ።

«ቅርጫት። ተማሪ የሚሠራበት ቤት ከሆነ ቅርጫቱ የተቆረጠ ካርቶን፣ የተቀደደ ፕላን፣ የእርሳስ ቅራፊ ሞልቶ ይፈሳል። የሚሠራ ከሌለ ንጹሕ ነው።» ተነሥቼ ስቱዲዮ የሚሉትን በር ከፈትኩት። ኮምፒውተሮቹ ተደርድረዋል፤ ቅርጫቱ ውስጥ አንድ የውሃ ፕላስቲክ ብቻ ነበር።

ብሩክ ጆሮዬ አጠገብ መጥቶ «እትዬ ሙሉ፣ ኮንትራቱን ያስቡት እንጂ» አለኝ በሹክሹክታ።

«ጮክ ብለህ ተናገር ብሩክ፣ ጆሮዬ አርጅቷል» አልኩት። ሰዉ ሁሉ ዞረ። «ኮንትራቱን ሞኝህን ፈልግና ስጠው! እዚህ ልጆቻችሁ ቆንጆ ሥዕል ማውጣት ይማራሉ። የሰው ቤት ገብተው አይለኩም፣ በእጃቸው አይሠሩም፣ የሠሩትን ቆሞ የሚያፈርስባቸው መምህር የለም። ነበረ፤ ቦታው አሁን መኪና ይቆምበታል።»

አንድ አባት በቁጣ ተነሣ። «እኛ ከፍለን ጨርሰናል እኮ! አሁን ይሄን ሰምተን ምን እናድርግ?» አለኝ። እውነት አለው።

«ከከፈላችሁማ ጠይቁ!» አልኩት። «ወርክሾፑ የት ሄደ በሉ። የከፈለ ሰው ምን ያስፈራዋል?» ስወጣ ከኋላዬ ብሩክንና መዝጋቢዋን ከበው ነበር። ምን እንዳሉት አላውቅም። ኮንትራቱ ግን እስካሁን አልመጣም፤ አይምጣ!

ደጅ ስንደርስ ሸምሱ ተናደደ። «ልጄን ሊያስመዘግቡልኝ ነው የመጡት ወይስ ሊጣሉ?» አለኝ። ሌላ አንድ ኮሌጅ አየን፤ ፈቃዳቸውን ጠይቀን «በሂደት ላይ ነው» ሲሉን ሸምሱ ራሱ ቀድሞን ወጣ። በመጨረሻ ከለገሃር ከፍ ብሎ አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ግቢ ደረስን። ፈቃዱ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፣ የዘመኑ ነው፣ የትምህርቱም ዓይነት ተጽፎበታል። ስቱዲዮው ውስጥ አንዲት ወጣት መምህርት ከአንድ ተማሪ ጋር የካርቶን ቤት ሞዴል መሀል አድርገው ይጨቃጨቃሉ። «ደረጃው ላይ እርጉዝ ሴት አስወጣና አሳየኝ!» ትለዋለች። ቅርጫቱን ማየት አላስፈለገኝም፤ ካርቶኑ ከቅርጫት አልፎ ወለሉን ሸፍኖታል። ሐያት በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ ብንጠራት አትሰማም።

«ይሄ ኮሌጅ ነው ወይስ ጋራዥ?» አለ ሸምሱ።

«ጋራዥ ነው። መኪና የሚጠገነው ጋራዥ ውስጥ እንጂ መሸጫው ውስጥ አይደለም።»

«ኃላፊነቱን ይወስዳሉ?»

«እወስዳለሁ። ካልሆነ መጥተህ በሬ ላይ ጩህብኝ።»

ብዙ አመነታ። ዞር ብሎ ልጁን አያት፤ ሐያት ገብታ ያን ሞዴል ጎንበስ ብላ እያየች ነበር። «ቢስሚላህ» ብሎ ፈረመ።

እኔም ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረኝም። ከከሸፈ የልጅቷ ዕድል አለቀ፤ አባትየው ቃሉን እንደማያጥፍ አውቃለሁ። ወራት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ስልኬ ጠራ፤ ሸምሱ ነው፣ ድምፁ ተቀይሯል።

«እትዬ ሙሉ፣ ምን ዓይነት ቦታ ነው ልጄን ያስገቡብኝ? ምን አደረጓት?»

«ምን ሆነች?»

«ሱቁን በካርቶን ሞላችብኝ፤ ደንበኛ መግቢያ አጣ! ሌት ተቀን ስትለፋበት የከረመችውን የካርቶን ቤት ወስዳ አስረክባ መጣች። ከዚያ መልሳ አምጥታ ዛሬ ቆራርጣ ጣለችው።»

«መምህሯ ጣለችባት?»

«ኧረ ምን ጥላባት! አለፍሽ ብላታለች፣ ማርኩን አይቼዋለሁ። እሷ ናት ‹ይሄ ቤት ሰው አያኖርም፣ ዓይኔ እያየ በዚህ አላልፍም› የምትለው። እኔና እናቷን አቁማ ትለካናለች፣ ቁጭ በሉ ትለናለች፣ ተነሡ ትለናለች። ምን ነክቷት ነው፣ እትዬ ሙሉ?»

እንባዬ መጣ። ይስማኝ ብዬ ስልኩን ጠጋ አደረግኩት።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ ሸምሱ» አልኩት። «ልጅህ ኮሌጅ ገብታለች።»